የእታለም ምስክርነት

ባለፈው ሳምንት ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ደዋዩ ከደቅ ነው። ሰላምታውን እንደ አገራችን ወግ አስረዝሞ፣ የሰዉንም የከብቱንም ደኅንነት ከነገረኝ በኋላ ወደ ጉዳዩ ገባ።

«እናቴ እግሯ ቆስሎ አልድን ብሏል። ያቺ የእታለምን እግር ያዳነች ማሽን አሁንም ባሕር ዳር አለች እንዴ?»

ዝም አልኩ። «ሄሎ! ሄሎ! ኔትወርኩ ነው መሰለኝ» አለ ልጁ። ኔትወርኩ አልነበረም። «ያዳነች» የምትለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቆማብኝ ነው። ያቺን ቃል ደቅ ላይ ከዘሯት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝና። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ሌላውን ለመክሰስ ብቻ አይደለም፤ ከተከሳሾቹ አንዱ ራሴ ነኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

እታለም የአባቴ ታላቅ እኅት ናት። ስሟ ሌላ ነው፤ አባቴ «እታለም» እያለ ሲጠራት እኛ ልጆቹ ሰምተን ያዝነው፣ ከዚያ ጎረቤቱም አገሩም ተከተለን። የምትኖረው ደቅ ነው። ደቅን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከጣና ደሴቶች ሰፊው ነው፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ እዚያው ጥጉ ላይ ናት። እታለም ስምንት ልጆች ወልዳለች። ዕድሜዋን ያሳለፈችው ቆማ ነው፤ ውኃ ስትቀዳ፣ እህል ስትወቅጥ፣ የሰው ድግስ ስታሰናዳ ቆማ።

ቁስሉ የጀመራት በግራ እግሯ ነው፤ ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ፣ በውስጥ በኩል። መጀመሪያ ቆዳው ጠቆረ፣ ቀጥሎ አሳከካት፣ አንድ ቀን የማገዶ ስንጥር ጫረውና ተከፈተ። እንደተከፈተም ቀረ። ቅጠል ተደረገበት፣ ማር ተቀባ፣ ካፕሱል ተፈልቅቆ ዱቄቱ ተነሰነሰበት፣ መርፌ ተወጋች። ሁለት ዓመት። በማኅበር ቀን ከሰው ራቅ ብላ ጥግ ጥጉን መቀመጥ የጀመረችው ያኔ ነው። «ሽታው ሰው እንዳያስከፋብኝ» ትላለች። ያቺ ድግስ ያለሷ የማይደምቅላት ሴትዮ!

በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ በጀልባ አስመጥቼ ቤቴ አሳረፍኳት። ሐሳቤ ሆስፒታል ላደርሳት ነበር። እናላችሁ፣ በዚያው ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባዬ አንዲት ባለቀለም ወረቀት እጄ ላይ አኖረ። «ያለ መርፌ! ያለ ኪኒን! ያለ ቢላዋ!» ትላለች። ከሥሯ የሚድኑት በሽታዎች ተደርድረዋል፤ የስኳር ቁስል፣ የእግር ቁስል፣ ወገብ፣ ሪህ፣ ጨጓራ፣ እንቅልፍ ማጣት። መድኃኒቱ ደግሞ አንድ ነው፦ «ዘመናዊ የኤሌክትሮማግኔቲክ ምት ሕክምና»።

ጨጓራንና የእግር ቁስልን በአንድ ሽቦ የሚያክም ሰው ሲመጣ መንቃት ነበረብኝ። አልነቃሁም። የሆስፒታሉን ወረፋ አሰብኩ፣ የሥራ ፈቃድ መጠየቁን አሰብኩ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እኔም እታለምን ባጃጅ ውስጥ አስገብቼ ወደ ማሽኑ ቤት ሄድኩ።

ቤቱ ንጹሕ ቪላ ነው። በሩ ላይ ጫማ ይወለቃል። ነጭ ገዋን የለበሰ ወጣት በትሕትና ተቀበለን፤ እታለምን «እናቴ» አላት፣ እጇን ይዞ አልጋ ላይ አወጣት፣ የታመመውን እግሯን ትልቅ ትራስ ላይ ከፍ አድርጎ አስቀመጠላት። ከዚያ በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ እንደ ማጭድ ቀለበት የሰፋ የሽቦ ጥቅል እግሯ ዙሪያ አጠለቀላት። ከአንድ ሣጥን ጋር የተያያዘ ነው። አረንጓዴ መብራት በራ፣ ጧ ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ። አርባ ደቂቃ። ለአንዱ ቀን 300 ብር፣ አሥራ አምስት ቀን። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ የቡና ስኒ አፍ ያህል የነበረው ቁስል የሃምሳ ሳንቲም ያህል ሆነ። ውሸት አይደለም፣ በዓይኔ ያየሁት ነው። ሽታው ጠፋ፣ ጫፍ ጫፉ እንደ ሕፃን ገላ ቀላ አለ። እታለም አለቀሰች። ወጣቱ ቪዲዮ አውጥቶ ቀረጻት። «ምስክር ነኝ!» አለች፤ የእግሯንም ስም፣ የአገሯንም ስም፣ የማሽኗንም ስም ጠርታ መሰከረች። ደቅ ድረስ ሸኘኋት። እዚያም የተሰበሰበው ጎረቤት «በምን ዳነች?» ሲል፣ የተማርኩት እኔ ደረቴን ነፍቼ «በኤሌክትሮማግኔቲክ» አልኩ። ቃሉን ማንም አልተረዳውም፤ ስላልተረዱትም ይበልጥ አመኑት።

ሁለት ወር አልሞላም። ቁስሉ እንደገና ተከፈተ፤ ያውም ከበፊቱ ሰፍቶ።

የሚገርማችሁ የእታለም አስተያየት ነው። «ማሽኗስ ሠርታልኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያላወቅሁበት» አለች። የዚህ ዓይነቱ ገበያ ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። ቁስሉ ሲሻል ምስጋናው የማሽኑ፣ ሲመለስ ጥፋቱ የበሽተኛው።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት የእታለምን እግር ያሻለው ምንድነው? ያኔ ያልቆጠርኩትን አሁን ልቁጠር። እታለም እንግዳ ስለነበረች ውኃ አልቀዳችም፣ አልወቀጠችም፣ አልቆመችም። ቀን ቀን ሶፋ ላይ እግሯን ዘርግታ ትውላለች። ባለቤቴ በየጠዋቱ ቁስሉን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አጥባ በንጹሕ ጎዝ ትሸፍንላት ነበር። እንቁላሉም፣ ሥጋውም፣ ወተቱም አልተለያት። ማሽኑ ቤትም ቢሆን አርባ ደቂቃ ሙሉ እግሯ ከልቧ በላይ ከፍ ብሎ ነው የሚቆየው። ይህ ሁሉ ሲደረግላት የነበረው በነፃ ነው። ገንዘብ የተከፈለበት አንዱ ብቻ ነው፤ ምስጋናውንም ጠቅልሎ የወሰደው እሱ ነው።

«እና ማሽኑ ምንም አልሠራም እያልከን ነው?» ትሉኝ ይሆናል። እንደሱ አላልኩም። እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል መሆን አልፈልግም፤ ነገሩ ተራ አስማት አይደለምና።

በተጠቀለለ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ዙሪያው ማግኔታዊ መስክ ይፈጠራል። መስኩ ሲነሣና ሲወድቅ ደግሞ አጠገቡ ባለ ነገር ላይ ደከም ያለ ኤሌክትሪክ ያስነሳል። ይህን ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 አሳይቶናል፤ አብዛኛው የመብራት ኃይል ማመንጫ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። «ምት» የተባለው መስኩ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ብልጭ ድርግም እያለ ስለሚለቀቅ ነው። የቆሰለ ቆዳም የራሱ የሆነ ደካማ ኤሌክትሪክ አለው። ስለዚህ «ይህ መስክ ቁስሉን ያግዘው ይሆን?» ብሎ መጠየቅ የጅል ጥያቄ አይደለም። በአጥንት በኩል እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1979 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አልገጥም ላለ ስብራት እንዲህ ያለውን መሣሪያ ፈቅዷል።

አጥንት አጥንት ነው፣ ቁስልም ቁስል። ለእግር ቁስል የተገኘው ማስረጃ ምን ይመስላል? ኮክሬን የሚባል፣ የሕክምና ሙከራዎችን እየሰበሰበ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ማኅበር አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ክለሳ በደም መልስ ሥር ችግር በሚመጣ የእግር ቁስል ላይ፣ ማለትም የእታለም ዓይነት ቁስል ላይ፣ ይህን ማሽን ከአስመሳይ ማሽን ጋር ያነጻጸሩ ሦስት ሙከራዎችን ነው ያገኘው። ሦስቱ ላይ የተሳተፉት ሰዎች ሲደመሩ 94 ናቸው። አንዱ፣ 44 ሰዎች የነበሩበት፣ በማሽኑ የዳኑት ይበልጣሉ አለ፤ ነገር ግን ሙከራውን አቋርጠው የቀሩት ሰዎች ምን እንደሆኑ ግምቱን ስትለውጡት ውጤቱም አብሮ ይለወጣል። ሁለተኛው፣ 31 ሰዎች የነበሩበት፣ ቁስሉ ይበልጥ ጠበበ አለ፤ ግን ሁለቱ ቡድኖች ገና ሲጀመር እኩል አልነበሩም። ሦስተኛው፣ 19 ሰዎች የነበሩበት፣ ልዩነት አላየም። መዛኞቹ የደረሱበት ድምዳሜ ይጠቅማል ለማለት የሚያበቃ ጥሩ ማስረጃ የለም የሚል ነው። ብዙ ከመተኛት በሚመጣው የጀርባና የመቀመጫ ቁስል ላይ በዚያው ዓመት ያወጡት ክለሳ ደግሞ ሁለት ሙከራና 60 ሰው ነው ያገኘው፤ መልሱም ተመሳሳይ ነው።

94 ሰው ማለት አንድ የደቅ ሠርግ ላይ ከሚቀመጠው ሰው ያንሳል። በዚህ ላይ ቆሞ ነው እንግዲህ ያ ወረቀት «ያድናል» ብሎ በቃለ አጋኖ የጮኸው።

አሜሪካኖቹስ? ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የጤና መድናቸው እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ለዚህ ሕክምና ይከፍላል። ሻጮቹ ይህችን ይነግሯችኋል። የማይነግሯችሁ ግን አለ። መድኑ የሚከፍለው የተለመደው የቁስል ሕክምና 30 ቀን ተሞክሮ ምንም መሻሻል ካልታየ ብቻ ነው። ማሽኑም ተሞክሮ በ30 ቀን ውስጥ የሚለካ ለውጥ ካላመጣ ክፍያው ይቆማል። እዚያ የመጨረሻው አማራጭ የሆነው ነገር እኛ ዘንድ ሲደርስ መጀመሪያ ሆነ። እታለም የተለመደውን ሕክምና አንድም ቀን ሳታየው ነው ሽቦ ውስጥ የገባችው።

«አስመሳይ ማሽን» ያልኩትን ላብራራው፤ የነገሩ ቁልፍ እሱ ነውና። መብራቱ የሚበራ፣ ድምፁ የሚሰማ፣ ግን መስክ የማያመነጭ ሣጥን ይሠራሉ። በሽተኞቹን በዕጣ ከሁለት ይከፍሏቸዋል። ለግማሹ እውነተኛው፣ ለግማሹ አስመሳዩ ይደረግለታል፤ በሽተኛው የትኛው እንደደረሰው አያውቅም። ዕረፍቱ እኩል፣ አጠባው እኩል፣ ተስፋው እኩል። ከዚያ በኋላ ልዩነት ከመጣ የማሽኑ ነው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1784 ፓሪስ ውስጥ መስመር የተባለ ሐኪም «በሰው ውስጥ በሚፈስ ማግኔት» አድናለሁ ብሎ ከተማውን ሲያናውጥ፣ ንጉሡ መርማሪ ጉባኤ አቆሙ። ከጉባኤው አባላት ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ላቫዝዬ ይገኙበታል። የመስመር ተከታይ የሆነ ሐኪም ፍራንክሊን ግቢ ውስጥ አንዱን ዛፍ «ማግኔት አደረግሁት» አለ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ዓይኑን ታስሮ ከዛፍ ወደ ዛፍ ተወሰደ። ልጁም ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አሰጠመው፣ ራሱን ስቶ ወደቀ። የወደቀው ግን ሌላ ዛፍ ሥር ነው። በእርግጥ የመስመር «ማግኔት» ጭራሹን ያልነበረ ነገር ነው፤ የዛሬው ማሽን መስክ ግን በመሣሪያ የሚለካ እውነተኛ ነገር ነው። ጥያቄው ግን ያው ነው፤ ያለሱስ ምን ይሆን ነበር? እኔ እታለምን ይዤ ስሄድ ያልጠየቅሁት ይህችኑ ነው።

ቁስሉ ሲመለስባት በመጨረሻ ሆስፒታል ወሰድኳት። ያየቻት ሲስተር አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። ቁስሉን ሳይሆን መጀመሪያ እግሩን ነው ያየችው። የተንጋደዱትን የደም ሥሮች፣ የጠቆረውን ቆዳ አየች፤ የእግሯን የደም ትርታ በጣቷ ፈልጋ አገኘች። ከዚያ እታለምን በሚገባት ቋንቋ አስረዳቻት። «እናቴ፣ ከእግር ወደ ልብ ደም የሚመልሱ ሥሮች ውስጥ ትንንሽ በሮች አሉ። ደሙ ወደ ታች እንዳይመለስ ይዘጋሉ። የእርስዎ በሮች ላልተዋል። ደሙ ቁርጭምጭሚትዎ ዙሪያ ይጠራቀማል፣ ቆዳው ይታፈናል፣ ከዚያ ይከፈታል። ላዩን ብናክመው ከሥር ያለው ጎርፍ ይከፍተዋል።»

መድኃኒቱስ? የሚለጠጥ ፋሻ። ከእግር ጣት ሥር ጀምሮ እስከ ጉልበት በታች ጠበቅ ተደርጎ የሚታሰር። ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ። መራመድ እንጂ መቆም መቀነስ። አለቀ። በሉ እንግዲህ፣ ይህን በወረቀት ላይ በባለቀለም አሳትማችሁ ሽጡት!

ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ይህን አንብባችሁ ነገ ጠዋት የራሳችሁን እግር እንዳታስሩ። ሲስተሯ ትርታውን የፈለገችው ያለ ነገር አይደለም። ደም ወደ እግር የሚያወርዱት ሥሮች የጠበቡበት ሰው እግሩ በኃይል ከታሰረ እግሩን ሊያጣ ይችላል። ፋሻውም ቢሆን ባለሙያ ይፈልጋል።

የእታለም ቁስል በአምስተኛው ወር ገደማ ጠገገ። አሁን «ያውልህ፣ ፋሻው አዳነልሽ» ብዬ ልጨርስ ነበር። ግን ቆም በሉ፤ እንደሱ ካልኩ እኔም ያው ምስክርነት ነው የምሰጣችሁ። የአንዲት እታለም እግር የማሽኑ ማስረጃ ካልሆነ፣ የፋሻውም ማስረጃ አይሆንም። ፋሻውን የማምነው በሌላ ምክንያት ነው። ያው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2021 ፋሻ ያሰሩትንና ያላሰሩትን ያነጻጸሩ 14 ጥናቶችን፣ 1,391 ሰዎችን መዝኖ፣ የታሰረላቸው ሰዎች ቁስል ሳይፈጥን አይቀርም፣ በዓመት ውስጥ የሚድኑትም ሳይበዙ አይቀሩም ብሏል። «ሳይፈጥን አይቀርም»፤ የቃሉን ትሕትና እዩልኝ። የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው የሚናገረው።

እሩቅ አገር አትሂድብን ካላችሁ እዚሁ ጎጃም እመለሳለሁ። ምሥራቅ ጎጃም፣ አነደድ ወረዳ ውስጥ ዝሆኔ ባለባቸው 696 ሰዎች ላይ የተደረገ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ዝሆኔ በባዶ እግር ቀይ አፈር በመርገጥ የሚመጣ የእግር እብጠት ነው፤ እግሩ በየጊዜው እየተቆጣ ሰውየውን በትኩሳት አልጋ ላይ ይጥለዋል። በዕጣ ለግማሾቹ ወዲያው፣ ለግማሾቹ ከዓመት በኋላ እርዳታው ተሰጠ። እርዳታው ምን መሰላችሁ? እግርን በየቀኑ በሳሙናና በውኃ መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ። በዓመት ውስጥ ወዲያው የተረዱት ሰዎች እግር በአማካይ 19 ጊዜ ያህል ሲቆጣ፣ የጠበቁት ሰዎች እግር 24 ጊዜ ያህል ተቆጣ። «ይኸው ነው?» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ይኸው ነው። ለገበሬ ግን አምስት ጊዜ አልጋ ላይ አለመውደቅ ማለት አምስት ጊዜ ማረስ፣ ማረም፣ ማጨድ ማለት ነው። እውነተኛ ውጤት ብዙውን ጊዜ ይህን ያህል ነው፤ መቶ በመቶ የሚል የለበትም።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። ሳሙና፣ ፋሻ፣ ጫማ፣ ዕረፍት፣ ሻጭ የላቸውም። ቪላ ተከራይቶ፣ ገዋን ለብሶ፣ «እናቴ» እያለ «እግርዎን ከፍ አድርገው ይቀመጡ» የሚል ነጋዴ የለም፤ አያተርፍማ።

ይህን ሁሉ እንደ ወግ አውርቼ በተውኩት ነበር። የማያስተወኝ የአንድ ሰው ነገር ነው።

ከእታለም ቤት ሁለት ቤት አለፍ ብሎ የሚኖር ጎረቤት አላት። እግሩ ውስጥ፣ መርገጫው ላይ፣ ቁስል ወጣበት። ምስክርነቷን ሰምቶ፣ እኔም «በኤሌክትሮማግኔቲክ» ስል ሰምቶ፣ በ2011 ክረምት ጊደር ሸጦ ባሕር ዳር መጣ። ለኔ እንኳን አልነገረኝም፤ አድራሻውን ከእታለም ወረቀት ላይ ነው ያገኘው። ሃያ ቀን ሽቦ ውስጥ ገባ። «ያምሃል?» ሲሉት «ኧረ በፍጹም አያመኝም፣ ሊድን ነው» ይል ነበር አሉ።

አለማመሙ ነበር በሽታው። ሰውየው ስኳር ነበረበት፤ አንድም ቀን ተለክቶ አያውቅም። ስኳር የእግሩን ስሜት ገድሎት ነበር። እኛ እግራችን ላይ ጠጠር ሲገባ እናነክሳለን፤ ማነከሱ ነው የሚያድነን። ስሜቱ የሞተበት ሰው ግን ቁስሉን ረግጦ ይሄዳል። ይህን ትምህርት ዓለም ያገኘው ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ነው። ሕንድ አገር ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ የሕሙማኑ እግር የሚያልቀው «ሥጋው ስለተበላሸ» ሳይሆን ስላልታመመ፣ ስላላረፈ መሆኑን አሳየ። ቁስሉን በጀሶ አስሮ ሲያሳርፈው ዳነ። ኋላ አሜሪካ ሄዶ ያንኑ ለስኳር ሕሙማን እግር አስተማረ። እኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው አለርት ለስንት ዓመት ሲያስተምር የኖረው ይህንኑ ነው፤ እግርህን በየቀኑ እይ፣ ዘፍዝፍ፣ ቅባ፣ አሳርፍ፣ ተጫማ። ሕሙማኑ ተሰባስበው እርስ በርስ እግራቸውን እንዲጠባበቁ ማኅበር ያቋቁም ነበር።

ለእታለም ጎረቤት ይህን የነገረው የለም። ከጀልባ ወርዶ እስከ ቪላው በየቀኑ በዚያው ቁስል እየረገጠ ነው የሚመላለሰው። ሃያው ቀን ሲያልቅ ቁስሉ አጥንት ደርሶ ነበር። ጣቶቹን፣ ከዚያም የእግሩን ግማሽ አጣ። ማሽኑ አልጎዳውም፤ ይህን መመስከር አለብኝ። ማሽኑ ቀን ነው የበላበት። የዚያ ዓይነት ቁስል ላይ ደግሞ ቀን ማለት እግር ማለት ነው።

እንግዲህ ተጠያቂው ማነው? ነጋዴው አንድ ነው። ጥያቄ የሆነውን ነገር መልስ ነው ብሎ ሸጧል። «እየተጠና ነው፣ እስካሁን አልተረጋገጠም» ብሎ ቢሸጥ ኖሮ ጠብ የለኝም፤ ግን ማን ይገዛዋል? ሕጉ የለም እንዳይባል አለ። አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክለው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004፣ የሕክምና መሣሪያን ጭምር የሚመለከተው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ወጥተዋል። ግን አዋጅ በራሱ እግር አይሄድም፤ ወረቀቷን ይዞ «ይህ ምን ማለት ነው?» የሚል ሰው ይፈልጋል። እኔ ወረቀቷን አጣጥፌ ኪሴ ነው የከተትኳት።

ሁለተኛው ጤና ተቋሞቻችን ናቸው። እታለም በሁለት ዓመት ውስጥ መርፌ የወጋት አላጣችም፣ ጎዝ የቀየረላት አላጣችም። «ለምን ቆሰለ?» ብሎ ያስረዳት አላገኘችም። ሰው ወደ ቪላው የሚሄደው ማሽን ፍለጋ ብቻ አይደለም፤ «እናቴ» የሚለውን ቃልና አርባውን ደቂቃ ፍለጋም ነው። ያቺ ሲስተር በአሥር ደቂቃ ያደረገችውን ሌላው ከሁለት ዓመት በፊት አድርጎት ቢሆን ኖሮ የዚህ ጽሑፍ ግማሹ አይኖርም ነበር።

ሦስተኛው እኛ ፊደል ቆጠርን የምንለው ነን። ቅጠል በጣሹን ሽማግሌ «ማስረጃህ የታለ?» ብለን እናፋጥጠዋለን። ሶኬት ላይ የተሰካ ነገር ሲሆን ግን አንገታችንን እንደፋለን። ለእታለም ቅጠሉም ሽቦውም አንድ ነበር፤ ሁለቱንም የሰው ቃል አምና ነው የሞከረችው። «ሽቦው ይበልጣል» ያልኳት እኔ ነኝ።

እታለም ዛሬም ፋሻዋን ታስራለች፤ ከቆመች እንደሚመለስባት ገብቷታል። የቪዲዮውን ነገር ሳነሣባት ፊቷ ይጠቁራል። «እኔ መሰከርኩ፣ እሱ በእግሩ ከፈለ» ትላለች። ሰው መጥቶ ስለ ማሽኗ ሲጠይቃት ወደ ጎረቤቷ ቤት ነው የምትጠቁመው። «ምስክር ከፈለጋችሁ እሱን ጠይቁት።»

ስልኩ ላይ ላለው ልጅ መልስ ሰጠሁት። «ቁስሉ የት ላይ ነው? ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ነው ወይስ መርገጫዋ ላይ? ስትነካት ይሰማታል? ስኳሯን ተለክታ ታውቃለች?»

አንዱንም አያውቅም። እንዴትስ ያውቃል? እኔም አላውቅም ነበር።

«እሺ ጋሼ፣ ግን ማሽኗ አለች ወይስ የለችም?» አለኝ።

«መጀመሪያ ስኳሯን እናስለካ፣ የእግሯን ትርታ የሚፈልግ ሰው እናግኝ» አልኩት። «እስከዚያው ብዙ እንዳትቆም፣ በቁስሉም እንዳትረግጥ አድርግ።»

ቅዳሜ በገበያ ጀልባ ይዟት ይመጣል። ወደቡ ላይ እጠብቃቸዋለሁ። የሥራ ፈቃዴን ጠይቄያለሁ።